የሦስት ዓመት ጥለት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተልሔም የምትባል ልጅ ቤቴ መጣች። አዲሱ ገበያ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶቹን ጓድ የምትመራ፣ በሥራ ቀን ባንክ የምትውል፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ልጅ ናት። ጓዱ የተመሠረተበትን በዓል ሊያከብሩ ስለሆነ፣ በሚያሳትሙት መጽሔት ላይ ስለ አገልግሎት ምልክቶቹ ታሪክ ሁለት ገጽ እንድጽፍላቸው ትፈልጋለች። «እትዬ ማርታ፣ የድሮውን የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ አላገኘንም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከኔ ጋር ከነበሩት አብዛኞቹ የሉም። ከቦርሳዋ የዛሬውን ምልክት አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። በማሽን የተጠለፈ፣ ጠርዙ ልክክ ያለ፣ በስልክ ታዞ ከውጭ የመጣ ነው። መርፌና ክር አያሻውም፤ ሸሚዙ ላይ ለጠፍ፣ ሲታጠብ ላጥ ነው። ያምራል አልኳት፤ ያምራልም። ስገለብጠው ግን ጣቶቼ ከጀርባው የክር ቋጠሮ ሲፈልጉ ታወቀኝ፤ ከዚያ ወዲያ የምትለኝን በደንብ አልሰማኋትም።

የአገልግሎት ምልክት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በጓዱ ውስጥ ገመድ መቋጠር ለሚችል አንድ ምልክት አለ፣ ቁስል ማሰር ለሚያውቅ ሌላ፣ መዝሙር ለሚመራም እንደዚሁ። የአገልግሎቱ ምልክት ግን የጉብዝና አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይቀሩ ለመጡ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ለጠረጉ፣ ውኃ ለቀዱ ልጆች የሚሰጥ ነው፤ በየዓመቱም አንድ ይጨመራል። እኔ በገባሁበት ዘመን ምልክቱ ኮከብ ነበር፤ አዝራር የምታክል የነሐስ ኮከብ፣ ከሥሯ ክብ ጨርቅ ያላት። ጓዱን ያቋቋሙት የውጭ አገር መምህርት ከአገራቸው ሲመጡ በብስኩት ቆርቆሮ ሞልተው ነው ያመጧቸው። ቆርቆሮዋ በመሪያችን በጋሽ ወርቅነህ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ ነበር። ክዳኗ ላይ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች ተሥለዋል። እኛ የምናውቀው በረዶ በሐምሌ ቆርቆሮ ጣራችንን የሚቀጠቅጠውን ነውና፣ ሰው እንዴት እሱ ላይ እንደሚንሸራተት ስንከራከር እንውል ነበር።

ደንብ ልብሳችን ካኪ ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝና አንገት ላይ የሚታሰር አረንጓዴ ሻርፕ ነበር። ካኪው ሜትሩ ብር ከስሙኒ ነው፤ እናቴ ሲያጥረኝ የምትዘረጋው ብላ ጠርዙን ሦስት ጊዜ አጥፋ ስለሰፋችው የቀሚሴ ታች እንደ ብርድ ልብስ ይከብድ ነበር። ሸራ ጫማችንን አርብ ማታ አጥበን ቅዳሜ ጠዋት ጠመኔ እንቀባዋለን። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበርና አዲሱ ገበያ ለመድረስ ወንዙን መሻገር፣ ዳገቱን መውጣት አለብኝ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አሳልፌ፣ ጎሚስታውን አልፌ፣ መስታወቱን ግንድ ላይ የሚሰቅለውን ፀጉር አስተካካይ አልፌ፣ ሻይ ቤቷ ጥግ እደርሳለሁ። እዚያ ደጃፍ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበር። እኛ ቤት ዘፈን መስማት ክልክል ስለሆነ እዚያ ጥግ ስደርስ የጫማዬ ክር ሁልጊዜ ይፈታል። አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ድረስ ጎንበስ ብዬ አስራለሁ። ባለፈው ሳምንት በታክሲ ሳልፍ አየሁት፤ አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል። ድምፅ ማጉያ ግን ዛሬም አለው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ እግሩን ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ያረጀ ሰው ነው። በፊት ለፊቱ ክፍል ይሸምናል፣ የሸመነውንም እዚያው ይሸጣል፤ እኛ ከመጋረጃው በስተኋላ እንኖራለን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማግ የማጠነጥንለት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ለሠርግ ልብስ ሽሮ ሜዳ ላይ መኪና ማቆሚያ አይገኝም፤ ሙሽሮች ጥለት ለመምረጥ ግማሽ ቀን ይቆማሉ። ያኔ ግን ልብሱ ይወደድ እንጂ ሸማኔው አይወደድም ነበር፤ ቃሉ ራሱ እንደ ስድብ ይወረወር ነበር። አዲሱ ገበያ ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ የአባቶቻችንን ሥራ ተጠያየቅን። አንዷ ጸሐፊ አለች፣ አንዷ ነርስ አለች። ተራው እኔ ላይ ሲደርስ «የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት በደጃችን የምታልፍ ግራጫ መኪና ነበረች። ውሸቱ ተመቸኝ። ሹፌር የሆነ አባት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ስለሚሆን ማንም ላየው አይልም። እኛ የምንጸልየው ሽሮ ሜዳ ባለችው በትንሿ ጸሎት ቤት ነበርና አባቴን ከአዲሱ ገበያ ሰዎች የሚያውቀው አልነበረም።

በጓዱ ውስጥ አልማዝ የምትባል ከኔ አንድ ዓመት ቀድማ የገባች ልጅ ነበረች፤ ረጅም፣ ደግ፣ አፏ ግን ቶሎ የሚቀድማት። አንድ ቀን ከእናቷ ጋር ነጠላ ልትገዛ እኛ ሱቅ መጣች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ማግ ይዣለሁ። ድምጿን ስሰማ እጄ ቆመ። አባቴ ከልጆች ጋር መጫወት ይወድ ስለነበር የት እንደምትማር ጠየቃት። ነገረችው። «እንግዲያ ማርታን ታውቂያታለሽ» አላት በደስታ። አልማዝም አዎ፣ ጓደኛዬ ናት፣ አባቷ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው አለችው። አባቴ «ጥሩ ሥራ ነው» ሲል ሰማሁት። ነጠላውን አጣጥፎ ሰጣቸው፣ ወጡ። መወርወሪያው እንደገና እስኪሰማ ድረስ ረጅም ጊዜ ሆነ። እራት ላይ እንደ ወትሮው ጸለየ፣ እንደ ወትሮው ከወጡ መሀል ድንቹን ወደኔ ገፋልኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮከቦቹ ያለቁት በዚያው ዓመት ነው። የውጭ አገሯ መምህርት ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር፤ እልካለሁ ያሉት ጥቅልም ሳይደርስ ቀረ። ጋሽ ወርቅነህ የሒሳብ አስተማሪ ስለነበሩ መፍትሔ የሌለው ነገር አለ ብለው አያምኑም። መጀመሪያ የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠው ኮከብ ሠሩ፤ የሁለት ልጆች ሸሚዝ ቀደደ። ቀጥሎ ካርቶን ቆርጠው ቀለም ቀቡ፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ቆየ። በመጨረሻ ዘንድሮ ምልክት አይኖርም፣ እግዚአብሔር ያውቃችኋል አሉን። እኔ አንድም ቅዳሜ ሳልቀር የመጀመሪያ ዓመቴን ልጨርስ ነበርና ቤት ገብቼ እናቴ ጉልበት ላይ አለቀስኩ። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ እየሠራ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰልፈን ሳለን በሩ ተከፈተና አባቴ ገባ። ለእሑድ የሚለብሳትን ኮት ለብሷል፣ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ወደኔ አላየም፤ በቀጥታ ወደ ጋሽ ወርቅነህ ሄዶ ጥቅሉን ፈታ። ሁለት ጣት የሚሰፋ ነጭ ጥብጣብ ነበር፣ በመሀሉ አረንጓዴ ጥለት የሄደበት። ከአረንጓዴው ግራና ቀኝ ከአገሩ ያመጣው ጥርስ የሚመስል ቅርፅ ተሠርቶበታል። ሸማኔ መሆኑን፣ ምልክት ማለቁን ከሰው መስማቱን ነገራቸው። ለአንድ ዓመት አረንጓዴ፣ ለሁለት ሰማያዊ ይጨመራል፣ ለሦስት ቀይ፤ ቢወዱት እየሸመነ ያመጣል። ጋሽ ወርቅነህ ጥብጣቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ስምዎ ማን ልበል ሲሉት ሸማኔው በሉኝ፣ ይበቃል አላቸው።

«ከነዚህ ውስጥ የእርስዎ ልጅ አለች?» አሉት።

ያን ጊዜ አባቴ በሰልፉ ላይ ዓይኑን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ። እኔ ላይ ሲደርስ አላቆመም።

«ሁሉም ልጆቼ ናቸው» አለ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። አልማዝ ነጠላ የሸጠላቸው ሸማኔ መሆኑን አውቃ ለሁሉም ታወራ ነበር። እኔም አጨበጨብኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እጄ ነው፤ እንደ ባዳ ያጨበጨበው እጄ።

ምልክት በሚሰጥበት ቀን ልማዱ የልጁ ወላጅ ወጥቶ ደረቱ ላይ እንዲያደርግለት ነበር። አባቴ በክብር እንግድነት ተጠርቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። እናቴ ሰው እንዳያውቅ ለብቻዋ መጥታ ከፊት ተቀመጠች፤ ይህን ሁለቱ ተነጋግረውበት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ስሜ ሲጠራ እናቴ ወጥታ ጥብጣቡን በመርፌ ቁልፍ አደረገችልኝ። ጋሽ ወርቅነህ ሁሉንም እንደሚጠይቁት እኔንም «አባትሽስ?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ከኋላ ጭብጨባ የጀመረው አባቴ ነበር። ስንመለስ ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀድሞን ሄደ፤ አብረን እንዳንታይ ብሎ ነው። ወንዙን እስክንሻገር ድረስ ጀርባውን እያየሁ ተከተልኩት። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው ሆነ። ሰማያዊው ጥለት ተጨመረ፣ አባቴ ከኋላ አጨበጨበ፣ እኔም መንገድ ላይ ነው አልኩ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ጓዱ እንጦጦ ወጣ። ስንሄድ ፀሐይ ነበር፤ ባሕር ዛፎቹ መሀል ስንደርስ ዝናቡ ወረደብን። እየዘመርን ወረድን፣ ግቢው ስንደርስ የትልልቆቹ ልጆች ሸሚዝ ደረቱ ላይ ቀልቷል። የቀዩ ጥለት ቀለም ለቆ ነበር። ቧንቧው ጋ ተሰብስበው በሳሙና ሲያሹት ቀዩ ወደ ሮዝ ተለወጠ እንጂ አልወጣም። አልማዝ የእናቷ ቁጣ ታይቷት ልታለቅስ ደርሳለች። ሸማኔ አይደል፣ ከሱ ምን ይጠበቃል አለች፤ በዚያ ላይ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን የሸማኔ ስድብ ጨመረችበት። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ሻርፔን እየጨመቅሁ ነበር።

«አባቴ ነው» አልኩ።

«ማን?»

«ሸማኔው። ሹፌር አይደለም። ዋሽቻችሁ ነው።»

አልማዝ ሳሙናውን ይዛ ቀረች። ትስቃለች ወይም ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ፊቷ ግን ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ያኔ ሱቅ ውስጥ አባቷ ሹፌር ነው ያልኩት ለራሱ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ሳሙናው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ሳትጠየቅ ጥብጣቧን ከሸሚዟ ላይ ፈታ ሰጠችኝና፣ አባትሽ ያስተካክለው እንደሆነ ጠይቂልኝ አለች። ሌሎቹም ፈተው ሰጡኝ። አሥራ አንድ ቀይ ጥብጣብ በሻርፔ ቋጥሬ፣ እርጥብ እንደሆንኩ ወንዙን ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ። ጋሽ ወርቅነህ ነገሩን ሲሰሙ ምንም አልደነቃቸውም፤ ለካ እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። «ግንባራችሁ አንድ እኮ ነው» አሉኝ ከብዙ ዓመት በኋላ።

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ጥብጣቦቹን ድሩ ላይ ዘረገፍኳቸው። አንድ በአንድ እያነሳ አየ፣ ቀዩን በአውራ ጣቱ አሸ፣ ጣቱን ተመለከተ። በጣም አፈረ። በሸመነው ነገር ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ክሩን የሸጠለት ሰው አይለቅም ብሎት እንደነበር ነገረኝ። ቀጥሎ ልጆቹ እንዴት አምነው ለኔ እንደሰጡኝ ጠየቀኝ።

«አባቴ ነው አልኳቸው» አልኩት።

ዞር ብሎ መወርወሪያውን ፈለገ፤ እጁ ሥር ነበር፣ አላየውም። አንስቼ ሰጠሁት። በማግሥቱ መርካቶ ወርዶ ሌላ ቀይ ክር ገዛ፤ በፈላ ውኃ በጨው ቀቅሎ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አሽቶ፣ አለመልቀቁን ለኔም ለእናቴም አሳይቶ ነው አሥራ አንዱንም እንደገና የሸመናቸው። የኔ አሥራ ሁለተኛ ሆነ።

በዚያ ዓመት ስሜ ሲጠራ አባቴ ከፊት ወንበር ተነስቶ ወጣ። መርፌ ቁልፉ ትንሽ ስለነበር የሸማኔ ጣቶቹ ታገሉት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ «እንኳን ሹፌር አልሆንኩ» አለኝ። «ሹፌር ብሆን ዛሬ መንገድ ላይ ነበርኩ።» ሳቅሁ፣ እየሳቅሁም አለቀስኩ። አልማዝ ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥታ አጨበጨበች። ስንመለስ ሦስታችን ጎን ለጎን መንገዱን ሞልተን ሄድን። ሻይ ቤቷ ጥግ ስንደርስ እኔ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩ፤ አባቴም ቆሞ ጠበቀኝ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስም አልቸኮለም።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ጓዱ ተዘጋ፤ ደንብ ልብስ መልበስ የሚያስጠይቅ ሆነ። እናቶች ማታ ማታ ጥብጣቦቹን ከሸሚዝ ላይ ፈቱ። ካኪው የቤት ልብስ ሆነ፣ ሻርፑ የሕፃን መጠቅለያ ሆነ። ጥብጣቦቹን ብዙዎች መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ እንደ ምልክት ማድረጊያ ከተቷቸው፤ ማንም ፈታሽ ገልጦ ቢያይ ቁራጭ ጥለት ናቸው። እኔ ነርስ ሆኜ አገር ለአገር ዞርኩ፤ አልማዝ አገባች፣ ወለደች፣ ከስምንት ዓመት በፊት ቀበርናት። ጓዱ እንደገና ሲከፈት ምልክቱ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በላስቲክ የታሸገ ወረቀት ነበር፤ ቀጥሎ በልብስ ስፌት መኪና የተጠለፈ መጣ፤ አሁን ደግሞ ቤተልሔም ያሳየችኝ። የምልክቱ ታሪክ ይኸው ነው። ለመጽሔቱ ይህ ይበቃ ነበር።

ግን አንድ ነገር ሳልጽፍ ብተው ሁለቱን ገጽ የሞላሁት በከንቱ ይሆንብኛል። አባቴን አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ያን ቀን «አባቴ ነው አልኳቸው» ማለቴ ይቅርታ ይመስለኝ ነበር። ዓይኑ ደክሞ መሸመን ከተወ በኋላ ከኔ ጋር ይኖር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ከጎኑ ተቀምጬ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ ሳላስበው፣ «አባዬ፣ ያኔ ሹፌር ነው ብዬ...» ብዬ ጀመርኩ። እጁን ከእጄ ሳያወጣ አቋረጠኝ። እሱም የሚነግረኝ ነገር እንዳለው ተናገረ።

አዲስ አበባ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ለአባቱ የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ ብሎ መልእክት ልኮ ኖሯል። ያን ጊዜ በሰው ጉድጓድ ተቀጥሮ ይሸምን ነበር፤ የሚተኛውም እዚያው ሸማኔ ቤቱ ወለል ላይ ነው። አያቴ በልጃቸው ኮሩ። ለአገሩ ሁሉ ካወሩ በኋላ መጥቼ ሱቅህን ልይ ብለው ሰው ላኩበት። እሱም ክረምት ነው፣ መንገዱ አይመችም፣ ለመስቀል እኔ እመጣለሁ ብሎ መለሰላቸው። መስቀል ሳይደርስ ሞቱ።

«ከኋላ ወንበር ተቀምጬ መንገድ ላይ ነው ስትዪ» አለኝ፣ «ባንቺ አልተቆጣሁም። አባቴን ነው ያሰብኩት። እሱ እውነቱን ሳይሰማ ቀረ። እኔ ሳልሞት ትንገረኝ ብዬ ጸለይኩ፤ ሁለት ዓመት ጸለይኩ። ነገርሽኝ። ምን ይቅርታ አለብሽ?»

የአንዱ እጁ ጥፍር ተቆርጦ አልቆ ነበር፤ ሌላኛውን ዘረጋልኝ።